ፊቷን ያዞረች ታንክ

በስደት አገር ያለ የሐበሻ ሳሎን ምን ምን እንደሚታይበት ለማንም የተሰወረ አይደለም። ትንሽ መሶብ፣ የላሊበላ ፎቶግራፍ፣ ልጆቹ ሲመረቁ ጋዋን ለብሰው የተነሱት ሥዕል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ረከቦትና ጀበና። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ አሮጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሳሎን ግን ከነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ያልተለመደ ነገር ተቀምጧል። በመስታወት ሣጥን የተከደነች፣ ከሲጋራ ፓኮ ብዙም የማትበልጥ የጦር ታንክ።

እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «የልጅ ልጅዎ መጫወቻ ናት?» ይላል። ባለቤቱ አይቆጡም። ከመሳቢያ ውስጥ ማጉያ መነጽር አውጥተው ለጠያቂው ያቀብሉና ቡናው ወደሚፈላበት ዞር ይላሉ። መነጽሩን የተቀበለው ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ቡናው ሲቀርብ እንኳ ቶሎ አይቀመጥም።

እኚህ ሰው በሠፈሩ ሐበሻ ዘንድ የሚታወቁት «ሃምሳ አለቃ» በሚለው ማዕረጋቸው ብቻ ነው። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የታንክ መካኒክ ነበሩ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በጅጅጋ ግንባር ኤም 47 የሚባለውን የአሜሪካ ታንክ ሞተር አውርደው የሰቀሉ፣ የተበጠሰ ሰንሰለት በሌሊት የቀጠሉ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው የብዙ ስደተኛ ታሪክ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ኬንያ፣ ከኬንያ አሜሪካ፣ አሜሪካም ከገቡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዋሽንግተን መሐል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ የሌሊት ሠራተኛ። የሌሊት ፓርኪንግ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና አይገባም፣ እንቅልፍ ግን አይፈቀድም። አንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፣ አንዳንዱ ለነርስነት ፈተና ያጠናል፣ አንዳንዱ አገር ቤት ስልክ ይደውላል። ሃምሳ አለቃ ታንክ ሠሩ።

አጀማመራቸው ለሳቅ የሚሆን ነው። በአንድ የመጫወቻ ዕቃ መደብር መስኮት ላይ የኤም 47 ሞዴል ሣጥን አዩ። ገዝተው የገቡት ለመሥራት አልነበረም፤ ፋብሪካው የት ላይ እንደተሳሳተ ለመያዝ ነበር። ጎማዎቹን ቆጠሩ፣ ትክክል ነው። የማርሚታውን አቀማመጥ አዩ፣ ትክክል ነው። ሁለት ሌሊት ሙሉ ስሕተት ሲፈልጉ ቆይተው በሦስተኛው ሌሊት ማጣበቂያ ገዙ። ከዚያ ወዲያ ቲ 55 ሠሩ፣ ሸርማን ሠሩ፣ ብዙውንም ለጓደኛ ልጆች ሰጡ። ያቺን ትንሿን ግን ለማንም አልሰጡም።

ትንሿ ታንክ የኢጣሊያ ናት። ኢጣሊያኖቹ «ካሮ ቬሎቼ» ይሏታል፣ ፈጣን ሠረገላ እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ከእንግሊዞች ላይ ካርደን ሎይድ የተባለች አነስተኛ ተሽከርካሪ ገዝተው፣ እሷን አሻሽለው ፊያትና አንሳልዶ የተባሉት ኩባንያዎች በሽርክና ያመረቷት ናት። የ1933 እና የ1935 ዓይነት አላት፤ ሲ.ቪ. 33 እና ሲ.ቪ. 35 የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። በኋላ ኤል 3 ተብላለች። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የወረረው የፋሺስት ጦር ከየአቅጣጫው ይዟት የገባው ዋና ታንክ ይህችው ነበረች። አንዳንዷ በመትረየስ ፋንታ እሳት የምትተፋ ሆና፣ 500 ሊትር ነዳጅ የሚይዝ ጋሪ ከኋላዋ እየጎተተች ትሄድ ነበር።

«ታንክ» ሲባል ግን ሰው በሐሳቡ የሚያየው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው በደርግ ጊዜ አብዮት አደባባይ ላይ የሚያልፈውን ቲ 55 ያስባል፤ እሱ 36 ቶን ይመዝናል፣ ሲያልፍ አስፋልቱ ይንቀጠቀጣል። ኤም 47 ደግሞ 46 ቶን ገደማ ነው። የኢጣሊያዋ ታንክ 3.2 ቶን ብቻ ናት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየመንገዱ ከሚታየው ከባድ ፒክአፕ መኪና ጋር የሚቀራረብ ክብደት ነው። ርዝመቷ 3 ሜትር ከ17 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ28 ያህል። አንድ ደህና ቁመት ያለው ሰው አጠገቧ ቢቆም ደረቱ ላይ ትቀራለች፤ ክንዱን ጣሪያዋ ላይ አስደግፎ ወሬ ሊያወራ ይችላል። ሞተሯ 43 የፈረስ ጉልበት ነው፣ የኤም 47 ሞተር 810 ነበር። የፊት ብረቷ ውፍረት 14 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ጎኗና ጀርባዋ ከዚያም ይሳሳል።

ይህን ሁሉ ቁጥር በወረቀት ላይ ማንበብና በዓይን ማየት አንድ አይደለም። የጥሩ ሞዴል ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ሞዴሎቹ የሚሠሩት በአንድ ሠላሳ አምስተኛ መጠን ነው፤ እውነተኛው 35 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሁሉ በሞዴሉ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። (ይህ ቁጥር ከየት መጣ ለሚል፦ ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ በሞተር የሚንቀሳቀስ አድርጎ ሲሠራ፣ ባትሪና ሞተሩ እንዲገባ ሆዱን አሰፋ፤ ሲለካ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ሆነ። ዓለም ሁሉ የተከተለው ያንኑ የባትሪ ልክ ነው።) በዚያ ሚዛን ኤም 47 ጡብ ያህላል፣ የኢጣሊያዋ ታንክ ደግሞ ርዝመቷ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 4፣ ቁመቷ 4 የማይሞላ። ሃምሳ አለቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያሳያሉ፣ ምንም አይናገሩም። ዝሆንና አጋዘን እንኳ እንዲህ አይራራቁም።

አሠራሩ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት የሚገኘው የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው፤ እያንዳንዱ እንደ ወይን ፍሬ በዘንግ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዘንጉ ይቆረጣል፣ ጠባሳው በትንሽ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል፣ በወረንጦ ተይዞ ይጣበቃል። የዚህች ታንክ ችግሯ ሰንሰለቷ ነው። ብሮንኮ የሚባለው ፋብሪካ የሚሸጣት ሞዴል ሰንሰለቷ አንድ ወጥ ሆኖ አይመጣም፤ አንድ በአንድ የሚቀጣጠል ነው፣ አንዱም ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ሃምሳ አለቃ የግራውን ሰንሰለት ብቻ ሲቀጥሉ አሥራ አንድ ሌሊት ፈጅቶባቸዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ፍሬ ወድቃ ጋራዡ ወለል ላይ በእጅ ባትሪ ሲፈልጓት አንድ መኪናውን ሊያወጣ የመጣ ጠበቃ የወደቀ የጋብቻ ቀለበት መስሎት አብሮ ተንበርክኮ ፈልጓል። ምን እንደሆነ ሲነገረው ግን ሂሳቡን ከፍሎ በፍጥነት ነው የሄደው።

ስድስቱን ትናንሽ ጎማዎች የያዙት ባሌስትራዎች፣ ከሁለቱም ጎን የተኙት ማርሚታዎች፣ ከኋላ ያለው ራዲያተር፣ ከፊት ያለው ካምቢዮ። መቼስ ነገሩ ያስገርማል። ሃምሳ አለቃ የኢጣሊያን ታንክ ሲገጥሙ ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚጠሩት ስም ኢጣሊያኖቹ ትተውት የሄዱትን ስም ነው። የኢትዮጵያ ጋራዥ ካቻቪቴውንም ፒንሳውንም ፍሪሲዮኑንም ከነሱ ወርሷል። የአምስት ዓመቱ ወረራ ትርፍ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ፣ መካኒኩ ቢያንስ መዝገበ ቃላቱን ያሳየዋል።

ቀለሙ ሌላ ነው። ፕላስቲክ ቀለም ቢቀባ ፕላስቲክ ነው፤ ብረት መስሎ የሚታየው በብርሃንና በጥላ ነው። መነሻ ቀለም ይነፋል፣ ከዚያ ዋናው ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ። ቀጥሎ የሠዓሊ ዘይት ቀለም በቲነር እንደ ውኃ ቀጥኖ በቡሎኖቹ ዙሪያ እንዲሮጥ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ቡሎን በጥላው ተከቦ ብቅ ይላል። በመጨረሻ ብሩሹ ፈዘዝ ያለ ቀለም ተነክሮ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ ሲል ጠርዝ ጠርዙን ይዳስሳል። ፍራንስዋ ፌርሊንደን የተባለው ቤልጅየማዊና ሼፐርድ ፔይን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህን ዘዴ ለዓለም ያስተማሩ ናቸው ይባላል፤ ዛሬ ሁሉም እነሱን ነው የሚከተለው፣ ብዙው ደግሞ ያበዛዋል። የሞዴል ኤግዚቢሽን የገባ ሰው የሚያየው አብዛኛው ታንክ ዝገት የበላው ነው። ዝገት ለዓይን ያምራልና። ሃምሳ አለቃ ይህን አይወዱም። «ታንክ ዘምቶ በሁለት ወሩ ይዝጋል እንዴ? አቧራ ነው የሚለብሰው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ጥሩ ሥራ ከመካከለኛው የሚለየው ሠሪው የሚያምረውን ትቶ የነበረውን ሲያስቀምጥ ነው፤ የርሳቸው ታንክ ላይ አንዲት ጠብታ ዝገት የለችም።

አቧራው ግን አስቸግሯቸው ነበር። መጀመሪያ የሞከሩት በሽሮ ዱቄት ነው። ቀለሙ ልክ የትግራይ መንገድ መሰለላቸው፣ ደስም አላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ነቀዝ ገባበት። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ለእንግዳ የሚያወሩት ይህንኑ ነው፤ «ጣሊያን ያልቻላትን ታንክ የኔ ሽሮ አበላሻት» ይላሉ። በመጨረሻ ጠመኔና የቀለም ዱቄት በወንፊት ነፍተው የተሻለ አገኙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ይመጣል። ሃምሳ አለቃ ታንኳን ያቆሟት እንደ ሰልፍ ታንክ አይደለም። ከአንድ ክንድ ያነሰች ሰሌዳ ላይ የተራራ መንገድ አለ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። የቀኝ ሰንሰለቷ ከጎማው ወጥቶ ተዘርግቷል፣ ከሥሩ ድንጋይ ገብቶበታል። የላይ ክዳኗ በትንሹ ተከፍቷል። ሰው አንድም የለም። የሞተ የለም፣ የቆሰለ የለም፣ ጎራዴ የመዘዘ አርበኛ የለም። ከሥር በአማርኛ የተጻፈው «ደምበጉይና፣ ታኅሣሥ 1928» ብቻ ነው።

ደምበጉይና ትግራይ ውስጥ ከተከዜ በስተሰሜን በሽሬ አቅጣጫ ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ራስ እምሩ ከጎጃም ያመጡትን ጦር ይዘው ተከዜን ሲሻገሩ ኢጣሊያኖቹ እዚያ ላይ ታንኮቻቸውን ላኩ። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ተራራ ነው። እዚህ ላይ ሞዴሏን በመነጽር ማየት ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ታንኪቱ እንደ ሌላ ታንክ አናቷ ላይ የሚዞር መድፍ የላትም። ሁለቱ መትረየሶች ከፊት በግራ በኩል ብረቱ ውስጥ ተተክለዋል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱት ለጥቂት ብቻ ነው። ውስጧ ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ነጂው በቀኝ፣ ተኳሹ በግራ። ውጭውን የሚያዩት በጣት ስፋት ክፍተት ነው። ከኋላቸው ሞተር ነው። ጀርባዋን የያዘ ሰው አይታያትም፣ ልትተኩስበትም አትችልም። ለመዞር ቦታ ትፈልጋለች፤ በጠባብ መንገድ ላይ ድንጋይ ከፊትና ከኋላ ከተደረገባት ደግሞ የብረት ሣጥን ናት።

የራስ እምሩ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ከጎንና ከኋላ እየመጡ ወጡባት፣ በክፍተቶቿ ተኮሱባት፣ ሰንሰለቷን በድንጋይ አሰናከሉት። ታንኮቹ እዚያው ቀሩ። ከኢጣሊያ በኩል ተሰልፈው ከነበሩት ብዙዎቹ ኤርትራውያን አስካሪዎች እንደነበሩና በዚያ መንገድ ላይ የፈሰሰው ደም ከሁለቱም ወገን ያገር ልጅ ደም እንደነበረ በበዓል ንግግር ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም፤ መነሳት ግን ይገባዋል።

«ታንክን በእጃቸው ያዙ» የሚለው ወሬ ለሦስት ትውልድ ሲነገር ኖሯል። ውጭ አገር የተወለደ ልጅ ይህን ሲሰማ አባቱን ላለማሳዘን ዝም ይላል እንጂ አያምንም። በሲኒማ የሚያየው ታንክ ቤት የሚያፈርስ ነው፤ እጅ ምን ያደርገዋል? ልጁ ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ የነገሩት ሰዎች መጠኑን ስላልነገሩት ነው። ለማጀገን ብለው ታንኩን አገዘፉት፣ በገዘፈ ቁጥር ወሬው ተረት ሆነ። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትሯ ሞዴል ግን ታንኪቱን ወደ ልኳ ትመልሳታለች። ደረት የማትደርስ፣ ጀርባዋ ዕውር የሆነች ነገር። እንዲህ ስትሆን መያዟ ይታመናል። ሁለት መትረየስ ወደሚተኩስባት ነገር በባዶ እግር መሮጥ ግን በዚህ ምክንያት አይቀልም፤ አንድ ሰው የሚያደርገው ነገር ይሆናል እንጂ።

ባዶ እግር ሲባል ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። መነጽሩን የያዘ ሰው ሁሉ ዝም የሚልበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። ከታንኪቱ ጀርባ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ፣ በአቧራው ውስጥ አንድ የእግር አሻራ አለ። አምስቱ ጣቶች ይታያሉ። ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ሃምሳ አለቃ በመርፌ ጫፍ ነው የሠሩት፣ አምስት ጊዜ አበላሽተው በስድስተኛው።

ባለፈው ሚያዝያ የአካባቢው ኮሚኒቲ የድል በዓልን ሊያከብር ሲሰናዳ ትንሽ ኤግዚቢሽን ታሰበ። የአርበኞች ፎቶግራፎች፣ አንድ ጋሻ፣ አንድ የማይሠራ አልቤን ጠመንጃ ተገኘ። ከኮሚቴው አንዱ የሃምሳ አለቃን ታንክ አነሳ። ጭቅጭቁ የተጀመረው ያኔ ነው።

«በአርበኞች ቀን የፋሺስትን ታንክ ጠረጴዛ ላይ ልናስቀምጥ?» አለ አንዱ። ሌላዋ፣ አባቷ በአርበኝነት የቆሰሉ፣ ከዚያም ብሳ፣ «ያውም እንዲህ አሳምረው! ስድስት ወር ሙሉ ለጠላት መሣሪያ እንዲህ መጨነቅ ምን የሚሉት ፍቅር ነው?» አለች።

ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ «አልገባችሁም» ተብሎም የሚታለፍ አይደለም። የሞዴል ሠሪው ዓለም ይህ ነውር አለበት። የሞዴል መደብር የገባ ሰው መደርደሪያውን የሞላው የናዚ ጀርመን ታንክ መሆኑን ያያል። ታይገሩንና ፓንተሩን የሚሠራው ሰው የሞተሩን ዓይነት፣ የቀለሙን ቁጥር፣ የቡሎኑን ብዛት በቃሉ ይወጣዋል፤ ታንኩ ማን ላይ እንደሄደ ግን አይጠይቅም፣ የሣጥኑም ሥዕል አይነግረውም። ብረቱ ያምራል፣ ማማሩ ብቻ ይበቃዋል። ሴትዮዋ የፈራችው ይህን ከሆነ ፍርሃቷ መሠረት አለው።

ሃምሳ አለቃ ስብሰባው ላይ ተጠርተው ብዙ አልተናገሩም። «ካመነበት ይግባ፣ ካላመነበት ቤቴ ትቀመጥ» አሉ። ሲጠየቁ ሲጠየቁ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «እኔ ታንክ ጠግኛለሁ። ታንክ አልወድም። ግን የጠገንኩትን ነገር አልዋሽበትም።»

በመጨረሻ ሁለት ድምፅ በልጦ ገባች፤ አጠገቧ ጽሑፍ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ኮሚቴው «ጀግኖች አባቶቻችን» የሚል ረዘም ያለ ነገር ጠብቆ ነበር። ሃምሳ አለቃ ያመጡት ካርድ ላይ የተጻፈው ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የብረት ውፍረት፣ የሰው ብዛት፣ የመትረየሱ አቅጣጫ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ታንኪቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጧት ፊቷን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዋን ወደ ተመልካቹ አድርገው ነው። አንድ አስተናጋጅ ወጣት የተሳሳቱ መስሎት ሁለት ጊዜ አዞራት። ሁለት ጊዜ መለሷት።

ከቀትር በኋላ አንዲት አሮጊት በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ጎጃም ተወልደው ያደጉ ናቸው። እናታቸው እሳቸውን ፀንሳ ሳለ አባታቸው ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፣ አልተመለሱም። እማማ አባታቸውን አያውቋቸውም። ልጅ ሆነው «አባትሽ ከታንክ ጋር ታግሎ ሞተ» ተብለዋል፤ ይህንኑ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውም ነግረዋል።

ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ ናት?» አሉ።

«አዎ እማማ። ከዚህ ሠላሳ አምስት እጥፍ ናት» አሉ ሃምሳ አለቃ ከወንበራቸው ተነሥተው።

«እስኪ እስከምን ትደርሳለች?»

ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እማማ የተዘረጋውን እጅ አይተው ጠጋ አሉ፤ እጁ ትከሻቸው ጋ ደረሰ። «አባቴ አጭር ነበር ይሉኛል፤ እኔም በሱ ነው የወጣሁት። እንግዲያው እንዲህ ነበረች» አሉ። ትንሽ ቆዩና «እሷ ናት የገደለችው?» ብለው ጠየቁ።

አዳራሹ ውስጥ ሙዚቃ ነበረ፣ ልጆችም ይሯሯጡ ነበር። የልጅ ልጃቸው «በላቸው አዎ» የምትል በሚመስል ዓይን ሃምሳ አለቃን አየቻቸው። አዎ ማለት ቀላል ነበር። ዘጠና ዓመት የቆየ ወሬ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።

«ከዘመቻው የት ላይ እንደቀሩ ያውቃሉ እማማ?»

«ተከዜ ነው የሚሉት። ከሽሬ ሲመለሱ።»

«እንግዲያው ይቺ አትሆንም» አሉ ሃምሳ አለቃ። በየካቲት 1928 ከሽሬ ውጊያ በኋላ ጦሩ ወደ ተከዜ ሲያፈገፍግ የተከተለው ታንክ ሳይሆን አውሮፕላን እንደነበረ፣ መሻገሪያዎቹ ከአየር እንደተደበደቡ፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በታኅሣሥ በዚያው ወንዝ ላይ የመርዝ ጋዝ እንደተጣለ ቀስ ብለው ነገሯቸው። «ይቺንማ ይይዟት ነበር። ከሰማይ የመጣው ነው ያልተያዘው» አሉ።

እማማ አላለቀሱም። «እኔም ታንክ አይመስለኝም ነበር» አሉ። ለምን እንዳልመሰላቸው አልተናገሩም። ከዚያ መስታወቱ እንዲነሣላቸው ጠየቁ፤ የልጅ ልጃቸው «አይነካም እማማ» ስትል ሃምሳ አለቃ አንሥተውላቸው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ መነጽሩ አልጠቀማቸውም። «የሚወጣባት በየት ነው?» አሉ። ሃምሳ አለቃ እጃቸውን ይዘው ጣታቸውን ከሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉላቸው። እማማ ጀርባዋን ወዲያና ወዲህ ዳበሷት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሄደው ተቀመጡ፣ ቡናም ጠጡ። ቶናውንም ጠብቀው በረካውን ጠጥተው ነው የሄዱት።

ማታ ሃምሳ አለቃ ሣጥኗን ከፍተው ሲያዩ የጀርባዋ አቧራ ተጠርጓል፣ የእግር አሻራው የለም። በፋንታው የእማማ ጣት አርፎበታል፤ በሚዛኑ ሲሰላ ከሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር የማያንስ ስፋት ያለው ጣት። ባለቤታቸው «ተወው፣ የሳቸው ይሁንበት» ብለዋቸው ነበር። አልተዉትም። እንዲያ ያለ ጣት ደምበጉይና ላይ አልነበረም። አቧራውን እንደገና በወንፊት ነፍተው፣ እስኪቀመጥ ሁለት ቀን ጠብቀው መርፌያቸውን አነሡ። አሻራውን በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቅጣጫ መለሱት፤ ርዝመቱን ብቻ ከ7 ሚሊ ሜትር ወደ 6 ተኩል አወረዱት።